ከነጋሪቱ በኋላ የተተኮሰች ጥይት

አርዲቦ ሐይቅ ዳር የተወለደ ሰው ጠዋት ጠዋት አገሩን አያገኘውም። ጭጋጉ ከውሃው ይነሣና ማሳውን፣ አጥሩን፣ የጎረቤቱን ጎጆ አንድ በአንድ ይወስዳል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ አንድ በአንድ ይመልሳል። ሀሚዱ ያደገው እዚህ ነው። ልጅ ሳለ ጭጋጉ የወሰደውን ሁሉ በቦታው መመለሱን ለማረጋገጥ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ይባላል፤ ይቺ ዛፍ ትናንት እዚህ ነበረች፣ ያ ድንጋይ ከወዲህ ነበር እያለ። እናቱ ይኼ ልጅ ወይ ያብዳል ወይ ተሟጋች ይሆናል ብላ ነበር። ተሟጋች ሆነ።

በዚያ ዘመን ሙግት አይጻፍም። ዳኛው ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ይቆማሉ፣ መንገደኛው ሥራውን ትቶ ይከብባል። ምላሱ የማይታዘዝለት ሰው ነገረ ፈጅ ይዞ ይመጣል፤ ነገረ ፈጁም ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ነገሩን በግጥም እየሰካካ ይናገርለታል። ሀሚዱ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ለአንድ ድሃ ቆለኛ ቆመ። የቆለኛው በሬ ከአንድ ባላባት ምንጭ ጠጥቶ ኖሮ፣ ባላባቱ በሬውን ሊወርስ ነው። ሀሚዱ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣና፦

በሬው ውሃ ጠጣ፣ ምንጩን መች ወሰደ፤
ከተከሰሰማ ደመናው ይከሰስ፣ ከላይ ያወረደ

አለ። ዳኛው ሳቀ። ዳኛን ያሳቀ ግማሹን ረቷል፤ ግማሹን ደግሞ ሕዝቡ ጨረሰለት። ቆለኛው በሬውን እየነዳ ሲሄድ ሀሚዱ ከኋላው ቆሞ አየ። በሁለት መስመር ቃል አንድ ሙሉ በሬ፣ ከነቀንዱ ከነጥላው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ አየ። ይህ ነገር ዕድሜ ልኩን አስገርሞት ኖረ።

ሀሚዱ አርባውን ሲያልፍ ጦርነቱ መጣ። ሁለት መኳንንት የአምባሰልን ገደል ይገባኛል ተባባሉና ያገሩ ጎልማሳ ሁሉ በሁለት ተከፈለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በሁለቱም ወገን ነበረ። ሀሚዱ ነፍጥ ይዞ ዘመተ፤ አነጣጥሮ መምታቱንም ከምላሱ ባልተናነሰ ተካነው። ሁለት ክረምት ተዋጋ። ሲመለስ ስለ ጦርነቱ አላወራም፤ ሲጠይቁትም ብርዱን ብቻ ያነሣል። ሐይቅ ከሚባለው ከጎረቤቱ ውሃ ዳር፣ የቆላ ጨው ጫኞችና የደጋ ገብስ ሻጮች በሚገናኙበት ሜዳ፣ ገበያ ተከለ። ወደ ገበያው የሚገባ ሁሉ መሣሪያውን ከሜዳው መካከል ካለችው ሾላ ላይ ሰቅሎ ይግባ ብሎ ሥርዓት አወጣ። በገበያ ቀን ሾላዋ ከቅጠል ይልቅ ጦር ያበቀለች ትመስል ነበር። ከዚያ በፊት ያለ ደም የማይበተነው ገበያ፣ ሰው ጨውና ገብሱን ይዞ በሰላም የሚመለስበት ሆነ። ሀሚዱም የገበያ ዳኛ ተባለ።

ዳኝነቱ ብዙ አልቆየም። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አዋጅ ወጣ፤ ሹመት ያለው እስላም ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። አንዳንዱ ተጠመቀ፤ አንዳንዱ ቀን ቀን ተጠምቆ ከቤቱ ሲገባ ይሰግዳል። ሀሚዱ የዳኝነት ዱላውን ከሾላዋ ሥር አስደግፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ መስኡዳ ባዶ እጁን ስታየው ዱላውን እንጂ ጆሮህን አልወሰዱብህም አለችው። እውነቷን ነበር። በማግስቱ ሁለት ቅቤ ሻጮች ተጣልተው ደጁ መጡ፤ አንደኛዋ ክርስቲያን፣ ሌላዋ እስላም። እንዲያ ሆኖ ያለ ሹመት የሐይቅ ዳር ሰው ነገር ሰሚ፣ በሸንጎ ደግሞ የሚፈራ ጠበቃ ሆኖ ቀረ።

ለሰው ያልነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበረው።

ያ ነገር የሆነው በጦርነቱ መጨረሻ፣ መስከረም ሃያ አንድ ጠዋት ነው። ሀሚዱ ከአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ዘብ ነበር። ከማዶ ግሸን በጭጋግ ተሸፍኖ፣ ከጭጋጉ ውስጥ የማርያምን ክብረ በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። መኳንንቱ ለበዓሉ ሲሉ ሌሊቱን ታርቀው ነበርና ማለዳ የእርቅ ነጋሪት ተጎሰመ። ድምፁ ከገደል ገደል እየተማታ ደረሰው። ሀሚዱ፣ የግሸን ከበሮ ነው አለ በልቡ። እስላም ነው፤ የከበሮውን ዜማ ከነጋሪቱ አይለይ ይሆናል፤ ቀኑም የበዓል ቀን ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት እዚያ አፋፍ ላይ፣ በዚያ ቀን ካልሆነ የትም አይገኝም።

ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ከነበረው ቋጥኝ ጀርባ የጠላት ወገን ወታደር ተነሣ። ነፍጡን በትከሻው አንግቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሳቅ እያለ፣ «ሰማህ?» አለው።

ሀሚዱ ተኮሰ።

ሰውየው ወደ ገደሉ ወደቀ። ስሙ ጌዴዎን እንደሆነ ሀሚዱ የሰማው በኋላ ነው። ሬሳው ገደል ሥር ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ስለተገኘ ሲሸሽ ተመታ ተባለ። ማን እንደመታው ግን ማንም አላወቀም። ሀሚዱ ለዘጠኝ ዓመት ራሱን በራሱ ሲከስና ለራሱ ሲሟገት ኖረ፤ ሁልጊዜም ይረታ ነበር። ከበሮ መስሎኝ ነው ይላል፤ በልቡ ያለው ሸንጎም ይስቅለታል።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ማሳውን ሳይመልስ፣ ከውስጡ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ረጅም ገበሬ ወጣ። «በንጉሥ አምላክ፣ ሀሚዱ፣ ቁም» አለው። በዚህ ቃል የቆመ ሰው እግሩን አያነሣም። የሻው ነኝ አለ፣ የጌዴዎን ወንድም፣ ከአምባሰል። በዚያን ጊዜ ከሀሚዱ ጋር የዘመተ አንድ ሰው ታሞ ሊሞት ሲል ለንስሐ አባቱ ተናዞ፣ እኔንም አስጠርቶ ነገረኝ አለ፦ ከነጋሪቱ በኋላ ከሀሚዱ አፋፍ አንዲት ጥይት ተተኩሳለች፤ ተኳሹን እንጂ የተመታውን አላየሁም። በጦርነት የሞተ ደሙ አይጠየቅም፤ እርቅ ከታወጀ በኋላ የተገደለ ግን ደሙ ከገዳዩ ራስ ላይ ነው። የሻው ይህን ሁሉ ሳይጮህ ተናገረና የኩታውን ጫፍ ዘረጋ።

ሀሚዱም የራሱን ዘረጋ። ሁለቱን ጫፍ ቋጠሩት። የአገሩ ወግ ይኸው ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን የፈታ ሙግቱን እንደተረታ ይቆጠራል። ዳኛው ግራዝማች አያሌው ሐይቅን አልፎ በአምባሰል መንገድ ላይ ነው የሚያስችለው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መስኡዳ ከደጃፉ ቆማ አየች። የባሏን ኩታ ከአንገቱ ላይ አስተካከለችና ተመለሰች።

ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። መንገዱ ከፊታቸው ሦስት እርምጃ ብቻ እየተዘረጋ፣ ከኋላቸው ሦስት እርምጃ እየተጠቀለለ፣ ሁለቱ ሰዎች በቦታቸው ቆመው ምድሪቱ ከሥራቸው የምትሄድ ይመስል ነበር። የሻው ረጅም ነው፣ ሀሚዱ አጭር፤ መጀመሪያ እርምጃቸው አልገጠመም፣ ኩታቸውም እየተወጠረ ያንቃቸዋል። ሳይነጋገሩ ገጠሙት። ማሰሮ ያዘሉ ሴቶች ከጭጋጉ ወጡና አንደኛዋ፣ «እናንት በሬዎች፣ የማንን እርሻ ልታርሱ ነው?» ብላ አለፈች። የሻው ሳይፈልግ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን አስታውሶ ፊቱን አጠቆረ።

ሀሚዱ በመንገዱ ሁሉ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። ግጥሙ እየመጣለት ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ስንኝ ከስንኝ እየተያያዘ ይመጣል። ከበሮና ነጋሪት አንድ ቆዳ ናቸው፣ የአንድ በሬ ልጆች ናቸው፣ በጭጋግ ውስጥ ወንድማማች ቢመሳሰሉ ጆሮ ምን አጠፋ የሚል ነበር፤ በዕድሜው ካሰበው ሁሉ ያማረ። ይህን ቢናገር ዳኛው እንደሚያለቅስ ያውቃል። ነጻ ሆኖ ወደ መስኡዳ እንደሚመለስም ያውቃል። ያስፈራው ግጥሙ ሳይደክምበት መምጣቱ ነው።

ከሐይቅ ውሃ ዳር ሲደርሱ ጭጋጉ ተገለጠ። ውሃው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ ከደንገሉ መሐል ነጫጭ ወፎች ከራሳቸው ጥላ ጋር ተቆራኝተው ቆመዋል። የቀትር ሶላት፣ ዙሁር፣ ደርሶ ነበር። ሀሚዱ ልስገድ አለ። የሻው እሺ አለና ጠቡን ትቶ ችግሩን አየ፤ ኩታው አጭር ነው። ሀሚዱ ሲታጠብ የሻው ከጎኑ ቁጢጥ አለ። ሩኩዕ ሲያደርግ የሻው ጎበጠ። ሱጁድ ሲወርድ የሻውም በአራት እግሩ ሆነ።

ሲጨርሱ የሻው ጉልበቱን እያራገፈ፣ «አሰገድከኝ እኮ» አለ።

«አላህ ቆጥሮልህ ይሆናል።»

«ለቄሱ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ታስሬ ነበር በላቸው። ውሸት አይደለም።»

ትንሽ እንደሄዱ ከእስጢፋኖስ ገዳም ደወል በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። የሻው ቆሞ አማተበ፣ ወደ ገዳሙ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሀሚዱ ከጎኑ ቆመለት። ረጅም ጊዜ ቆሙ። የሻው ቆሎ ከጉያው አወጣና ሳያስበው ለሁለት ከፈለው።

እየቆረጠሙ ሲሄዱ ነው የሻው የተናገረው። አገሩ ውስጥ ልጆች ጦርነት ጦርነት ሲጫወቱ ሮጦ ያመለጠውን ልጅ ጌዴዎን ብለው ይጠሩታል አለ። ሌላ ምንም አያውቁም፤ ስሙን ከአባቶቻቸው ሰሙት። እናታችን መንበረ ከአጥሯ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማለች። ጌዴዎን ሸሸ፣ ጌዴዎን ሸሸ ይላሉ።

«ደምህ ምን ያደርግልኛል» አለ የሻው፣ መንገዱን እያየ። «ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ወንድሜ እንዴት ቆሞ እንደሞተ ከአንተ በቀር ማንም አያውቅም። ወይም እንዴት እንደሸሸ።»

ቆሎው ከሀሚዱ አፍ ውስጥ አልደቅ አለ። ከበሮ መስሎኝ ነው ብሎ ቢረታ ራሱ ይድናል፤ ጌዴዎን ግን በልጆቹ አፍ ሲሮጥ ይኖራል። «ሰማህ?» ያለውን ቢናገር ጌዴዎን ከቋጥኙ ጀርባ ይነሣል፤ ሀሚዱ ግን አይተርፍም። ከዚያ በኋላ ግጥሙ አልቆመም፤ ነጻ አውጥቶ ደጃፉ ድረስ የሚያደርሰው ግጥም፣ እየሞቀ፣ እየጣፈጠ፣ እስከ ችሎቱ ዛፍ ድረስ ከጎኑ ሄደ።

ከዛፉ ሥር ሕዝብ ተሰብስቧል። ሀሚዱ ተከሶ መጣ የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና፣ ለጠብ ሳይሆን ለጨዋታ የመጣ ይበዛ ነበር፤ ሀሚዱ ለሌላው ሰው እንዲያ የተናገረ ለገዛ ነፍሱ ምን ይል ይሆን? ግራዝማች አያሌው ሸምገል ያለ፣ ዓይኑ የሚያለቅስ፣ አጭር ቃል የሚወድ ሰው ነው። ቋጠሮውን አስፈታና ከሳሽ ይናገር አለ።

የሻው ተናጋሪ አይደለም። ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፊት አመጣው፣ ታሞ የሞተውን ምስክር ስም ረሳ፣ መካከል ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። አንዱ ከሕዝቡ፣ ለአንተም ሀሚዱን መቅጠር ነበረብህ ሲለው ሰው ሳቀ።

ተራው የሀሚዱ ሆነ። ኩታውን አጣፋ። ዱላ አቀበሉት፣ ተቀበለ። ከቅጠሉ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ሀሚዱ ዱላውን ወደ ፊት ዘረጋና ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ነጋሪቱን ሰምቻለሁ» አለ። «ከበሮ ነው አልኩ። አምኜ ነው ያልኩት ወይስ መተኮስ ፈልጌ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ጠይቄ አላወቅሁትም። እሱ ግን አውቋል። እርቅ ሆነ ብሎ ነፍጡን አንግቶ፣ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። ፊቱ ወደ እኔ ነበር። 'ሰማህ?' አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተኮስኩት። አልሸሸም።»

ግራዝማች አያሌው ብዙ ጠበቀ፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎት ነበር። «ጨረስክ?» አለ በመጨረሻ።

«ጨረስኩ።»

ከሕዝቡ ውስጥ የተናደዱም ነበሩ፤ ግጥም ሊሰሙ ከሩቅ መጥተው ነበርና። ዳኛው ደሙ የየሻው ነው ብሎ ፈረደ፤ ብትሻ ነፍሱን ውሰድ፣ ብትሻ የደሙን ዋጋ፣ ጉማውን፣ ተቀበል አለው። የሻው መሬት እያየ ቆመ። ሀሚዱ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያየው የሻውን አልነበረም። የአርዲቦን ጭጋግ አየ፤ ከውስጡ ዛፎቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ፣ ሁሉም በቦታቸው ሲሆኑ። ልቡ ቀለለው።

«ጉማ አልበላም» አለ የሻው። «ነፍሱንም እኔ አልፈርድም። እናቴ ትፍረድ። በአፉ ይንገራት።»

በማግስቱ አምባሰልን ወጡ፣ ሁለት የዳኛው ሰዎች ከኋላቸው እየተከተሉ። መሬቱ ከሥራቸው እየራቀ፣ ሐይቁ ከታች እንደ ወደቀ ሳንቲም እያነሰ ሄደ። ከማዶ ግሸን በፀሐይ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። ሀሚዱ ያን አፋፍ ሲያልፍ ዞሮ አላየውም፤ የሻው ግን አየለት። ዳገቱ ላይ ሀሚዱ ሲደክመው፣ «ይረፉ» አለው። ከፍርዱ ወዲህ አንቱ እያለው ነበር፤ መቼ እንደጀመረው ራሱም አላወቀም።

መንበረ ከደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ልጇ ሰውየው ማን እንደሆነ ሲነግራት እንዝርቷን አላቆመችም። ሀሚዱ ከፊቷ ቆመ። ከሸንጎው ይልቅ እዚህ ፈራ፤ ሲፈራም አንደበቱ የለመደውን አወጣ፣ ያን ጠዋት ጭጋጉ ግሸንን ነጭ ኩታ አልብሷት ሳለ፣ እሜቴ...

«አታሳምረው» አለች።

ደነገጠ። አሮጊቷ ዓይኗ ጥጡ ላይ ነው። እንደገና ጀመረ፣ በዳኛው ፊት እንደተናገረው። ሲጨርስ ፊቱ ወደ አንተ ነበር? አለችው። ነበር አላት። ስቋል? ሳቅ ብሎ ነበር አላት። ክሩ ተበጠሰ፤ በምራቋ ቀጠለችው። ከዚያ ብዙ ፈተለች። የሻው አጥሩን ተደግፎ አልቅሶ ጨረሰ፤ የዳኛው ሰዎች ከውጭ ቆመው መሬት ያያሉ።

«እሑድ» አለች መንበረ በመጨረሻ፣ «ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመህ ይኸንኑ ትናገራለህ። ሁሉም ይስማ። ከዚያ በየዓመቱ በዚያች ቀን እዚህ ትመጣለህ፤ እኔ እስካለሁ ለእኔ ትነግረኛለህ። የልጄ ደም ይኸው ነው። ሌላ አልፈልግም።»

እሑድ ተናገረ። አንድ እስላም ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሞ ሰው መግደሉን ሲናገር አገሩ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ካህናቱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆሙ። በጌዴዎን ስም ልጆቻቸው ሲጫወቱ ዝም ያሉ አባቶች አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልነካውም። ወደ አርዲቦ ሲመለስ መስኡዳ ማሳው ዳር ድረስ ወጥታ ጠበቀችው፤ ስታየው ቁጭ አለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። እስኪመሽ አልተነሡም።

ከዚያ ወዲህ በሸንጎ ቆሞ አልተሟገተም። ሰው የሚመጣበት ግን በዛ። የደም ጠብ ያለባቸው ከየጁም፣ ከቃሉም ይመጡ ነበር፤ ያዳምጣቸዋል፣ ትንሽ ይናገራል፣ ታርቀው ይሄዳሉ። ምን ብሎ እንዳስታረቃቸው ሲጠየቁ ብዙዎቹ አያስታውሱም።

ወደ አምባሰል ግን በየዓመቱ ይወጣል። ከግሸን ተሳላሚዎች ጋር መንገዱን ይጋራና መገንጠያው ላይ ይለያቸዋል። በክፉ ቀን ዘመን ከብት ሁሉ አልቆ፣ መንገዱ ዳር ሰው ወድቆ፣ ተሳላሚው ሳስቶ ሳለ እንኳ ወጣ፤ የሻው ዳገቱን በእጁ ደግፎ አወጣው። መንበረ ከስታ፣ ዓይኗ ጠፍቶ፣ ከደጃፏ ተቀምጣ ነበር። የምትፈትለው ጥጥ አልነበረም። ሀሚዱም ጥርሱ አልቆ ነበር። ታሪኩ በየዓመቱ እያጠረ መጥቶ ነበርና ለመናገር ብዙ ትንፋሽ አልጠየቀውም።

«ነጋሪቱ ተጎሰመ። ሰማሁ። ልጅሽ ተነሣ። 'ሰማህ?' አለኝ። ተኮስኩ።»

መንበረ ራሷን ነቀነቀች። በእጇ ዳብሳ አንድ እፍኝ የማይሞላ ሽምብራ ከነሳህኑ ወደ እሱ ገፋች። አልበላም ሲላት ብላ አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቆላው አዙራ፣ በአርዲቦ በኩል ዘንቧል ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ትናንት ካፍቷል፣ እሜቴ» አላት ሀሚዱ፤ ሽምብራውንም አንድ በአንድ መቆርጠም ጀመረ።